ሦስት እጅ ወልድያ፣ አንድ እጅ መሐል ሜዳ

ኮምቦልቻ የምደባ ዕጣ አዳራሽ በር ላይ መጀመሪያ የሚመዘነው ሻንጣ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ያልፋል፤ ከዚያ ከበለጠ ባለቤቱ እዚያው ተንበርክኮ ይከፍትና የሚተወውን ይመርጣል። ሕጉ እንዲህ የሆነው ተመዳቢ ዕጣውን እንደከፈተ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በቀጥታ ስለሚሳፈር ነው። በመሆኑም ሰው ሻንጣውን የሚያሰናዳው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ነው። ለቆላም ለደጋም፣ ዕጣ ሊጥለው ለሚችልበት አገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይይዛል።

ሚዛኑን የሚጠብቁት እትዬ ከድጃ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ በር ላይ ተቀምጠው የሰው ሻንጣ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረዋል፤ ሻንጣ አይተው የባለቤቱን ዕጣ ይናገራሉ ይባልላቸዋል። የካቲት አሥራ አንድ ቀን 2094 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የውዳላትን ሻንጣ ከፈቱ። ሦስት ስስ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ ከሥር ደግሞ ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ አንድ ወፍራም ጋቢ አገኙ።

“ሦስት እጅ ወልድያ፣ አንድ እጅ ደጋ” አሉ። “ደጋው መንዝ ነው መሰል?”

“መሐል ሜዳ ነው እትዬ።”

“ኧረ ያንን ብርድ! አንድ ጋቢ ይበቃሻል?”

“ለአንድ እጅ ከዚህ በላይ አይያዝም ብዬ ነው።”

“እሱስ ልክ ነሽ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ግቢ በይ ልጄ፣ ወልድያ ያድርግልሽ።”

ውዳላት አዋላጅ ነርስ ናት። ሥራ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ኤሊዳር በረሃ ላይ አሳልፋለች። በምደባው ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ ተመዳቢ፣ ሠራተኛ ለታጣበት ቦታ አንድ ወረቀት ይገባበታል፤ በረሃ ላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ እሱ ለመረጠው ቦታ አንድ ወረቀት ይጨመርለታል። ስለዚህ የውዳላት ወረቀቶች አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ወልድያ፣ አንዱ መሐል ሜዳ።

ወልድያ ባሏ አለ። ይመር የባቡር ሹፌር ነው፤ ከወልድያ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወልድያ ሲመላለስ ይውላል። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከአራቱ ዓመት አብረው የኖሩት ቢደማመር ዘጠኝ ወር ቢሆን ነው። ባቡር ኤሊዳር አይደርስም፣ መሐል ሜዳም አይደርስም። ይመር ከአንዴም ሁለቴ “ባቡሩን ልተወውና ልምጣ” ብሏት ነበር፤ እሷ ግን እምቢ አለች። ሰውየው ባቡሩን እንደ ልጅ ነበር የሚያየው። ጢሙን ሲላጭ እንኳ በባቡሩ ቃና ነበር የሚያፏጨው። ኮምቦልቻ ጣቢያ እሷ ቆማ ከሆነ ጡሩምባውን ሁለት አጭር አንድ ረጅም ያደርግላታል፤ ጣቢያው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ይስቅባቸዋልም። ከባቡሩ ለይታ ያመጣችው ይመር ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ስታስበው ትፈራ ነበር። “ምንም ቢመጣ ባቡሩን እንዳትተው” ብላ በራሷ ሞት አስምላዋለች። ስለዚህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ጠዋት ዕጣ ላይ ነበር። ወልድያ ከደረሳት ባሏም ባቡሩም የእሷ ናቸው። ካልደረሳት ሌላ አምስት ዓመት ለየብቻ፤ ከበረሃ ውጭ ያለ ምደባ አምስት ዓመት ነው።

ዕጣው የሚወጣው በአንዲት ትንሽ አምፖል ነው። የተመዳቢው ወረቀቶች ከአምፖሏ ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ አምፖሏ ስትበራ አንደኛው ወረቀት ታሽጎ በፖስታ ይወጣል፤ የቀሩትም እዚያው ቅጽበት በሌላ በሌላ ዓለም ይወጣሉ። አምፖሏ በበራች ቁጥር ዓለም እንደሚከፈል የሚጠራጠር ሰው ከጠፋ አርባ ዓመት አልፏል። “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም” የሚሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ወጥቶ ተቀምጧል። ሰው ዕጣ ከከፈተ በኋላ ጎረቤቶቹ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ያኛውንም ያጽናው” ይሉታል። ፈተና የወደቀ ልጅ “በሌላው ዓለም እኮ አልፌያለሁ” ሲል እናቱ “እንግዲያው ምሳህን እዚያው ብላ” ትለዋለች። ቄሶቹ ያኛው ለሠራው ኃጢአት ይሄኛው ንስሐ ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ውዳላት አዳራሹ ውስጥ እንደገባች ሰው ሁሉ ግድግዳው ሥር ተሰብስቦ አገኘች። አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦ “የማንኛውም ተመዳቢ ዕጣ በሙሉ በየዓለሙ የሚወጣ በመሆኑ፣ ሁለት ቦታ የቀረበለት ተመዳቢ ያለው ሁለት ዓለም ብቻ ነው። ስለሆነም ለአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ወረቀት ማስገባት ትርጉም የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ቦታ አንድ ወረቀት ብቻ ይገባል። ቅሬታ ያለው አምፖሏ ከመብራቷ በፊት ያቅርብ። ቢተው፣ የአዳራሹ ኃላፊ።”

ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሦስት ዓመት የኤሊዳር ሙቀት በግማሽ ገጽ ወረቀት ተነነ። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ቅሬታ አለኝ ብሎ የተነሳ ግን አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ሁሌም ሌላው ይናገራል ብሎ መጠበቅ ያለ ነው፣ ዓለም ቢበዛም ይህ አልተለወጠም።

ውዳላት እጇን አወጣች።

አቶ ቢተው ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ነበር። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድሮ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። የተዝረከረከ ነገር ሲያይ ግን እንቅልፍ አይወስደውም፤ ተደራርበው የሚገቡት ወረቀቶች ዓይኑን ሲወጉት ከርመዋል።

“ሦስት ዓመት በረሃ ሠርቼ ያገኘሁት ሦስት ወረቀት ነው” አለች ውዳላት። “የት ገባ?”

“የትም አልገባም እህቴ። ወልድያ የምትሄደውም እርስዎ ነዎት፣ መሐል ሜዳ የምትሄደውም እርስዎ ነዎት። ሁለቱም የማይቀሩ ናቸው። ለማይቀር ነገር ‘ይሄ ሦስት እጅ ነው፣ ያ አንድ እጅ ነው’ ማለት ምን ማለት ነው? ዓለሞቹ ሁለት ናቸው። ስለዚህ እኩል ናቸው።”

ይህንኑ ጥያቄ ኤሊዳር ላይ፣ ሥራ በሌለባቸው ሰዓታት፣ ውዳላትም ራሷን ጠይቃው ታውቃለች። ሁሉም የሚሆን ከሆነ ምን ያስጨንቃታል? የሚያስጨንቃት ግን ያስጨንቃታል።

ከበሩ በኩል የእትዬ ከድጃ ድምፅ መጣ። “አቶ ቢተው፣ እርስዎም ዛሬ ዕጣ አለዎት አይደል?”

“አዎ። አምስት ዓመቴን ጨርሻለሁ።”

“በድሮው ደንብ በረሃ ላስተማሩበት ዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ወረቀት ደሴ፣ አንድ ወረቀት አሳይታ ነበር የሚገባልዎት። ይቺን ማስታወቂያ የጻፏት መቼ ነው?”

“ሰኞ።”

“ሻንጣዎትን ያሰናዱትስ?”

አቶ ቢተው ወዴት እንደሚወስዱት ገባው። “ዛሬ ጠዋት” አለ።

“እኔ ከፍቼ አይቻለሁ” አሉ እትዬ ከድጃ ለአዳራሹ ሁሉ። “አራት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት፣ የሱፍ ካልሲ እስከ አፉ። ለአሳይታ የያዙት አንዲት ከናቴራ ናት። እኩል ከሆነ ታዲያ፣ ያ አሳይታ የሚወርደው ምስኪን በካፖርት ሊቀቀልልዎት ነው?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ቢተውም ጆሮው ቢቀላም ፈገግ አለ።

“ተያዝኩ” አለ። “ግን ልማድ ነው እትዬ፤ እጄ ለምዶት ነው። ልማድ ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሁሉ ተሳስቶ ሻንጣ ቢያሰናዳም ስሕተቱ ስሕተት ነው።”

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ሰውየው እውነቱን ነበር፣ የሳቁትም ያውቁታል። ውዳላት ግን ሳቁ ሐሞቷን መልሶላት ነበር። ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

“አራቱን ወረቀቶቼን ይስጡኝ” አለች። “እርሳስም ካለዎት።”

ሰጣት። ‘ወልድያ’ ከሚለው ሥር በአንዱ ላይ አይሻ፣ በሁለተኛው ላይ ሐቢብ፣ በሦስተኛው ላይ ኡመር ብላ ጻፈች። በየዓመቱ ኤሊዳር ላይ መጀመሪያ ያዋለደቻቸው ልጆች ስም ነው።

“አሁን ስንት ዓለም አለኝ?”

አቶ ቢተው ወረቀቶቹን አየ። “አሁንማ ይለያያሉ። አራት።”

“ስንቱ ወልድያ?”

“ሦስቱ።”

ላጲሱን ወስዳ ሦስቱንም ስሞች አጠፋች። ፍርፋሪውን በእጇ ጠረገችው። “አሁንስ?”

“አሁን… ሁለት። አንዱ ወልድያ።”

“ታዲያ ባሌ ጋ የምታደርሰኝ ይቺ እርሳስ ናት? አሥራ ሁለት ዓመት አዋልጃለሁ አቶ ቢተው። ስም ስለወጣለት የተወለደ ልጅ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ይወለዳል፣ ከዚያ ስም ይወጣለታል። ስም ባያወጡለትም ተወልዷል፣ ያለቅሳል።”

አቶ ቢተው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ወረቀቶቹን ትኩር ብሎ አያቸው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው የኃላፊ መልክ ሳይሆን የአስተማሪ መልክ ነበር።

“አንድ ነገር ይቀራል” አለ። “እሺ፣ አራት ይሁኑ። አራቱ እኩል ለመሆናቸው ግን ምን ዋስትና አለን? የመሐል ሜዳዋ ብቻዋን ሦስቱን የምታህል ብትሆንስ?”

ውዳላት አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጋ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። “ሁለቱን ያንሱና ቦታ ያቀያይሯቸው” አለችው። አቀያየረ። “ሳጥኑ ይህን ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“አምፖሏስ?”

“አታውቅም። ውስጥ የተጻፈውን አታነብም።”

“ሌላ ሁለት ያቀያይሩ። አሁንስ የተለወጠ ነገር አለ?”

“የለም” አለ። “የትኛዋም በየትኛዋ ቦታ ብትገባ ያው ነው። ስለዚህ አንዷ ከሌላዋ ልትበልጥ አትችልም።”

“እንግዲያው እኩል አራት ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ቤቴ ናቸው። ሁሉም ይሆናል ላሉት፣ ይሁን። እኔ የምለምነው መሐል ሜዳ አይሁን ብዬ አይደለም። ሦስት እጄ ቤቱ ይግባ ነው የምለው።”

አቶ ቢተው ወደ ግድግዳው ሄዶ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ፣ ጥጉ እንዳይቀደድ አድርጎ አነሳውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። “ሰኞ ዕለት እርስዎ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ወረቀቱም አይባክንም ነበር” አለ። ተሸንፎ ደስ የሚለው ሰው ብዙ አይገኝም፤ እሱ አንዱ ነበር። ጸሐፊው የሁሉንም ወረቀት እንደ ድሮው እንዲቆጥር አዘዘ። ሻንጣውን ግን አልነካካውም፤ መጀመሪያውኑ በትክክል የተሰናዳ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ አምፖሏ በየተራ ትበራና ትጠፋ ጀመር። የውዳላት ተራ ሲደርስ ዓለም አራት ላይ ተከፈለ። የጣሪያው ማራገቢያ መዞሩን አላቋረጠም፤ አንዲት ሴትዮ አስነጠሰች። ውዳላት የታሸገ ፖስታዋን ተቀብላ ወንበሯ ላይ ተመለሰች።

ቀጥሎ ያለው አንድ ሰዓት ዝግ ሰዓት ይባላል። ድሮ ሰው ፖስታውን እንደተቀበለ እየከፈተ ሲጮህና ወንበር ሲሰብር ነው የተደነገገው። ሁሉም ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ነገሩ አልቋል፣ ተከፍሏል፣ ማንም አይመልሰውም፤ ማን የት እንደደረሰ ግን ማንም አያውቅም። ውዳላት ይህን ሰዓት ትፈራው ነበር፣ ሲደርስ ግን ረጋ ያለ ነገር ሆኖ አገኘችው። ‘አራት ነን’ አለች በልቧ። ‘አራታችንም እዚህ ወንበር ላይ አንድ ዓይነት ፖስታ ይዘን አንድ ዓይነት ነገር እያሰብን ነው። እኔ የትኛዋ ነኝ? ሦስት እጅ ከወልድያዎቹ ነኝ። አንድ እጅ የመሐል ሜዳዋ ነኝ።’ አቶ ቢተው የሳተው ይህንን ነበር። ሁሉም ቢሆንም እንኳ ሰው እሱ ራሱ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ የሚቀመጥበት ሰዓት አለ፤ ዕጣ የሚባለው ነገርም የሚኖረው እዚያ ሰዓት ውስጥ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ደወሉ ተደወለ። ውዳላት ፖስታዋን ቀደደች።

መሐል ሜዳ።

ደግማ አየችው። ከዚያ ፖስታውን ገልብጣ አየችው፣ ከኋላው ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል። ከዚያ አለቀሰች። ሰው ቢያይ ባያይ ግድ አልነበራትም። አቶ ቢተው፣ ደሴ ደርሶት፣ ምን እንደሚላት ጨንቆት ከሩቅ አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳት። እትዬ ከድጃ ሚዛናቸውን ትተው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

“አልቅሺ ልጄ፣ አይከፋም። ብቻ ሦስቱ ገብተዋል። በአንቺ አንደበት ነው የገቡት። ያ ማስታወቂያ ባይነሳ ግማሹ ነበር የሚገባው።”

“አውቃለሁ እትዬ።”

“ያጽናሽ ማለት አለብኝ፣ ልማዱ ነው። ለነሱም እንኳን ደስ ያላቸው።”

“አሜን” አለች ውዳላት፤ ከልቧ ነበር። ሌላዋ ውዳላት ወልድያ ስትገባ ታያት፤ በሩን ስትከፍት፣ ነጠላ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ስታወልቅ። አልቀናችባትም ማለት ውሸት ነው፤ ደስ አላላትም ማለትም ውሸት ነው። ፊቷን ታጠበችና ሻንጣዋን አነሳች።

ደጅ፣ ሰሌዳው ላይ፣ የሁሉም ምደባ ስምና ቦታ ወጥቷል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከጣቢያው የባቡር ጡሩምባ ተሰማ፣ አንድ ረጅም ብቻ። ይመር ሰሌዳውን አይቶ ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች፤ አይቶ ከሆነ ሁለት አጭር የሚልበት አንጀት ከየት ያመጣል? ሆኖም ሳይሰናበታት መሄዱ ከዕጣው ይልቅ አሳመማት።

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ወጣችና ባዶ ወንበር ስትፈልግ፣ ከኋላ ተርታ በመስኮት በኩል ሰው ቦታ ይዞላት ተቀምጧል። የባቡር ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። እግሩ ሥር ሻንጣ አለ።

“አንተ!” አለች። “ባቡሩስ?”

“ሄደ። ረዳቴ ነው የያዘው። ሲጠማዘዝ ትንሽ ያንገጫግጨዋል እንጂ ያደርሰዋል።”

“ይመር፣ ምለህልኝ አልነበር? ባቡሩን እንዳትተው ብዬ በሞቴ አስምዬህ አልነበር?”

“ምያለሁ። የማልኩት ግን ለሦስቱ ነው።”

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተጋጨባት። ይመር ከደረት ኪሱ የደብዳቤ ግልባጭ አውጥቶ ሰጣት፤ ዋናውን ጣቢያው ላይ አስረክቦታል። ከአራት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። “ባለቤቴ መሐል ሜዳ ከደረሳት ዕጣው ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ ባቡሩን አስረክቤአለሁ። ካልደረሳት ይህ ደብዳቤ አልተጻፈም” ይላል።

“እዚያ ምን ልትሠራ ነው?”

“የነፋስ ማማዎቹን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። ሐዲድ ባይኖራቸውም መሽከርከር ይሽከረከራሉ።” ኮፍያውን በእጁ አገላበጠ። “ባቡሩ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽሽም። አንቺ ግን አራት ዓመት ናፍቀሽኛል።”

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ውዳላት ጎንበስ ብላ የይመርን ሻንጣ ከፈተች። ውስጡ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም ጋቢ ነበር። ለወልድያ የሚሆን አንድም ነገር የለበትም። አንድ እጅ ብቻ ለሆነ ነገር ሙሉ ሻንጣ አሰናድቷል።

“ሦስቱ ቢወጣስ ኖሮ?” አለችው።

“አልጋ ሥር እመልሰው ነበር። ደብዳቤውንም እቀደዋለሁ።”

“አትነግረኝም ነበር?”

“ምን ብዬ? ትቆጪኝ ነበር።”

ጋቢውን አወጣችና ለሁለቱም ጉልበት አለበሰችው፤ ገና ኮምቦልቻ ነበሩ፣ ሙቀት ነበር። ስለ ሦስቱ አሰበች። እነሱ አሁን ባቡር ላይ ናቸው፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም ተነፍቶላቸዋል። ዛሬ ቤታቸው ይገባሉ፣ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። አንድ ቀን አልጋ ሥር ሲጠርጉ አንድ አሮጌ ሻንጣ ያገኙና የሱፍ ኮፍያ አይተው “ይመር ደግሞ ይሄን ምን ሊያደርግ ነው የሚያስቀምጠው” ብለው መልሰው ይገፉታል።

አሳዘኗት። ባላቸው ምን ያህል እንደሚወዳቸው የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።